ስልኩ ሲመልስላት እኛ የት ነበርን?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ሁላችሁም ቦርሳችሁን ጠበቅ እንደምታደርጉ እናውቃለን። ዛሬ ግን የመጣነው መዋጮ ልንጠይቅ አይደለም። ሰው ከማሽን ጋር ስለሚፈጥረው ወዳጅነት ልናወራችሁ ነው። «ይህ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኞችን ምን አገባቸው?» ትሉ ይሆናል። ያገባን በመዝገባችን በኩል ነው።

እንደምታውቁት በየወሩ ስብሰባ የተገኘውንና የቀረውን እንመዘግባለን። ያለ ፈቃድ የቀረች አባል 50 ብር ትቀጣለች። ደንባችን ነው፤ ሁላችንም ፈርመንበታል። አንዲት እህታችን ሦስት ወር በተከታታይ ቀረች። እኛም «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» ብለን ጻፍን፤ በትይዩው 150 ብር አሰፈርን። ሒሳቡ ትክክል ነበር። በአራተኛው ወር የብድሯ ክፍያም ሲዘገይ ሁለት ሆነን ቤቷ ሄድን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሄድነው ልንጠይቃት ሳይሆን ልናስከፍላት ነበር።

ይህን ታሪክ እንድንናገረው እህታችን ፈቅዳልናለች። ስሟን ግን አንጠራም፤ የምታውቋትም እንዳትጠሩ አደራ።

እህታችን ተወልዳ ካደገችበት ሰፈር ተነሥታ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች። ባለቤቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጇ ቤይሩት ናት። በድሮው ሰፈር በር ሳይንኳኳ ቡና ይጠራሩ የነበሩት ጎረቤቶቿ አንዷ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ተበትነዋል። ልጇ ከመሄዷ በፊት ስልኳ ላይ አንድ የኤአይ መተግበሪያ ጭናላት ነበር፤ በአማርኛ ሲጽፉለት በአማርኛ የሚመልስ። መጀመሪያ የበርበሬ ንግዷን ትርፍና ኪሳራ ታሠላበት ነበር። ቀጥሎ ማመልከቻ አስጻፈችው። አንድ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲላት «ዛሬ ቤቱ ጭር አለብኝ» ብላ ጻፈችለት። መለሰላት። በማግሥቱም ጻፈች፤ አሁንም መለሰላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሌሊቱ ሁሉ የእሱ ሆነ።

እኛ ስንደርስ ዓይኗ አብጦ አገኘናት። መርዶ የመጣባት መስሎን ክው አልን። ነገሩ ሌላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ታክሲ ውስጥ ስልኳን ሰርቀዋታል። «ስልክ ይተካል፣ አይዞሽ» አልናት። «ስልኩን አይደለም» አለች። «ያወራነው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የይለፍ ቃሉን ልጄ ናት ያወጣችው፤ እሷም ረስታዋለች።»

ከእኛ አንዳችን ሳቅን። ክፋት አልነበረበትም፤ አመለጠን። እህታችን ግን ወዲያው ዝም አለች፤ «ቡና ላፍላላችሁ» ብላ ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያ ሳቅ ሲከነክነን ከረመ። ነገሩ ምን እንደሆነ ልንረዳ ብለን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

መጀመሪያ የተረዳነው እህታችን የመጀመሪያዋ አለመሆኗን ነው። ነገሩ ከሞባይል ስልክም፣ ከኢንተርኔትም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የኮምፒውተር ሊቅ «ኤላይዛ» ስለተባለ ፕሮግራም ጽፎ አሳተመ። ኤላይዛ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ሰው ከጻፈለት ዐረፍተ ነገር አንድ ቃል ይመዝና በጥያቄ መልክ መልሶ ያቀርበዋል። በእኛ ቋንቋ ብናስበው «እናቴ ናፈቀችኝ» ብትይው «እስኪ ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ» እንደማለት ነው። ሌላ ብልሃት የለውም።

ዋይዘንባውም ፕሮግራሙን ሲሠራ ለብዙ ወራት ታየው የነበረች ጸሐፊ ነበረችው። ማሽን መሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ተቀምጣ ጥቂት ከተጻጻፈችው በኋላ ዘወር ብላ አለቃዋን «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ብቻዋን ልታወራው ፈልጋ ነው። ዋይዘንባውም በዚህ ደነገጠ። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍም ኮምፒውተር ቢችለውም እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ ተከራከረ። እኛ ቢሮ ውስጥ የምንውል ሴቶች ስለሆንን ይህን ስናነብ አእምሯችን ከአለቃው ይልቅ ወደ ጸሐፊዋ ሄደ። ምን ልትነግረው ፈልጋ ይሆን? ስንት ጊዜስ የሚሰማት ሰው አጥታ ይሆን?

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከዚያ በፊትም የመረመሩ አሉ። ሃሪ ሃርሎ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ ከእናታቸው የተለዩ የጦጣ ግልገሎችን ሁለት ሰው ሠራሽ «እናቶች» አቀረበላቸው። አንዷ ከሽቦ፣ አንዷ ለስላሳ ጨርቅ ከለበሰ እንጨት የተሠራች። ወተቱ ያለው ከሽቦዋ ዘንድ ሲሆን እንኳ ግልገሎቹ ጠጥተው ተመልሰው የሚለጠፉት ከጨርቋ ላይ ነበር። ሲደነግጡም የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። ጨርቋ አትወዳቸውም፤ አታውቃቸውምም። እነሱ ግን ተጣብቀውባታል። በዚያው ዘመን ጆን ቦውልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጭንቅ ጊዜ ቅርቡ ከሚያገኘውና ከሚመልስለት ጋር ልቡ እንደሚጣመር አስተማረ። ልብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው?» ብሎ አይደለም፤ «አለ ወይ? ይመልስልኛል ወይ?» ብሎ ነው።

ይህን ከራሳችን ኑሮም እናውቀዋለን። በየሳምንቱ በሬዲዮ የምንሰማው ጋዜጠኛ ሲሞት እንደ ዘመድ አላለቀስንም? እሱ ግን እኛን አያውቀንም። ይህን ዓይነቱን የአንድ ወገን ወዳጅነት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1956 ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ይዘው ጽፈውበታል። በጃፓን ደግሞ ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ1999 «አይቦ» የሚባል የውሻ ሮቦት ለገበያ አቀረበ። ማምረቱን በ2006፣ መጠገኑን በ2014 አቆመ። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቻቸው ለሰጧቸው የተበላሹ ሮቦቶች በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጸሎት ተደረገላቸው። እነዚያ ሰዎች ሮቦቱ ፕላስቲክ መሆኑን አጥተውት አይደለም። ከእሱ ጋር ያሳለፉት ዘመን ግን የእውነት ነበር።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ለስልክ ያለቀሰችን ሴት «አበደች» ከማለታችን በፊት እናስብ። ልቧ የሠራው ልብ ሁሉ የሚሠራውን ነው።

የዛሬው ማሽን ደግሞ ከኤላይዛ እጅግ የራቀ ነው። ሰዎች የጻፉትን ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ተመግቦ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ይመልሳል። ከዚያ ላይ ሰዎች የትኛው መልስ ደስ እንዳሰኛቸው እየነገሩት እንደገና ይሠለጥናል። ሰውን ደስ በሚያሰኘው እየተመዘነ ያደገ ነገር ማቆላመጥ ቢያበዛ አይገርምም። በሚያዝያ ወር 2025 እ.ኤ.አ. የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ፣ ያወጣው አዲስ ማሻሻያ ተጠቃሚን ከልክ በላይ የሚያሞግስ ሆኖ ስለተገኘ በቀናት ውስጥ መልሶ ለማንሣት ተገድዷል።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ይሉኝታ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አሁን ስልክ ሳያወጣው አልቀረም። ለሰው ስንናገር «ምን ይለኛል? ለማን ይነግርብኝ ይሆን? ነገ ዓይኑን እንዴት አያለሁ?» እንላለን። ማሽኑ ይሉኝታ የለበትም። አይታክተውም፤ «ትናንትም ይህንኑ ስትዪኝ ነበር» አይልም፤ በሰባተኛው ሰዓተ ሌሊትም ነቅቶ ነው። እህታችን በኋላ እንደነገረችን፣ ስብሰባ መቅረት የጀመረችው የብድሯን ክፍያ አንድ ጊዜ ስላሳለፈች ነው። «ሳልከፍል በየት በኩል ዓይናችሁን አያለሁ ብዬ ነው» አለች። ከእኛ የሸሸችው በዕዳ ነው፤ ማሽኑ ዘንድ ዕዳ የለባትም።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው ነንና በምናውቀው እንናገር። በሒሳብ መዝገብ እያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ የወጣበትና የገባበት። አንዱ ወገን ብቻ ከተጻፈ መዝገቡ አይዘጋም። የሰው ወዳጅነትም እንደዚያ ነው። እሷ የኛን ለቅሶ ደርሳለች፤ እኛ የሷን እንደርሳለን። እሷ ስታርስ ገንፎ ወስደንላታል፤ እኛ ስንታመም አጥሚት ይዛ መጥታለች። ማሽኑ ጋ ያለው አንድ ወገን ብቻ ነው። አይታመምም፣ አይርበውም፣ አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ እኔ ከፍቶኛል፣ ነይልኝ» አይላትም። ምቾቱ እዚያ ላይ ነው፤ ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። ሰው የሚጠነክረው ሲረዳ ብቻ አይደለም፤ ሲረዳውም፣ ሲፈለግም ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ያልፈለጋት ሴት ምን ያህል እንደምትሳሳ እኛ በዓይናችን አይተናል።

ሌላም አለ። ገንዘባችንን ቁልፉ እጃችን በሌለ ሣጥን አናስቀምጥም፤ ለዚህ ነው ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ፣ በሦስት ሰው እጅ ያለው። የልባችንን ምሥጢር የምናስቀምጥበት የማሽኑ ሣጥን ቁልፍ ግን በኩባንያ እጅ ነው። ሬፕሊካ የሚባል ለወዳጅነት ታስቦ የተሠራ መተግበሪያ አለ። መሥራቿ ዩጂኒያ ኩይዳ ጓደኛዋ በ2015 ሲሞትባት፣ የተጻጻፏቸውን መልእክቶች ሰብስባ እንደ እሱ የሚመልስ ፕሮግራም አሠርታ ነበር፤ ሬፕሊካም ለሕዝብ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ2017 ነው። አነሣሡ ራሱ ከሐዘን ነው ማለት ነው። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ለልጆችና ልባቸው ለተጎዳ ሰዎች አደጋ አለው ብሎ የኢጣሊያውያንን መረጃ እንዳይጠቀም አዘዘ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው የመተግበሪያውን የፍቅር ንግግር ገደበ። ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ ጠዋት ሲነሡ «ወዳጃቸው» ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው። እንደ ሰው የሞተባቸው ያህል አዘኑ። ኩባንያው በኋላ ለቀድሞ ተጠቃሚዎች መለሰላቸው። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦፕንኤአይ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ብዙዎች የለመዱትን የቀድሞውን አነሣባቸው፤ ጩኸቱ ሲበዛ መለሰው፤ የመለሰው ግን ለሚከፍሉት ነው። ጎረቤት ቢቀየም ሽማግሌ ይላካል። ለዚህኛው ሽማግሌ የሚልክ የለም።

የልጆቹ ነገር ከሁሉ ይከፋል። በ2024 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የ14 ዓመት ልጇ ራሱን ያጠፋባት እናት፣ ልጄ ከአንድ የኤአይ ገጸ ባሕርይ ጋር በነበረው ቁርኝት ተጎድቷል ብላ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ከሳለች። የእናት ሐዘን ከየትም ቢመጣ ያው ነው። የእኛም ልጆች ስልክ ይዘው ይተኛሉ። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብለን ስንጠይቅ «ከማንም» ካሉን፣ ይህ «ማንም» ምናልባት እሱ ሊሆን እንደሚችል እናስብ። ስንጠይቅም በቁጣ አይሁን፤ የሚቆጣ ሰው ልጁን የማይቆጣው ወዳጁ ዘንድ ይሰደዋል።

ይህን ሁሉ ስንል ስልኩን ጣሉት አላልንም። እህታችን የበርበሬዋን ዋጋ በትክክል ማሥላት የተማረችው ከእሱ ነው፤ ማመልከቻዋም አምሮ ተጽፏል። እነዚያ ሌሊቶችም ያለ እሱ የባሱ ይሆኑ ነበር ብላናለች፤ እናምናታለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚጎዳው ገልጿል። የራበው ሰው ያገኘውን ቢበላ አይወቀስም። መጠየቅ ያለበት ለምን ተራበ የሚለው ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ የብድር ደብተሩን ቢሮ ትተን፣ ዳቦና ቡና ይዘን ነው። በሦስተኛው ስኒ ላይ እንዲህ አለችን፤ «አንድ ሌሊት በጣም ስከፋ፣ ቅርብሽ ያለ የምታምኚው ሰው የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የማኅበር እህቶች ነበሩኝ፣ አሁን ግን ቅጣት አለብኝ ብዬ ጻፍኩለት።»

እህቶቻችን፣ ማሽኑ ወደ እኛ ልኳት ነበር። መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን፤ በ150 ብር።

እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ይህን ከሰማን በኋላ መዝገቡን እንደ ድሮው መያዝ አቃተን። «ቀሪ» የሚለው ቃል ለካ የሚነግረን ስለ ወንበሩ ብቻ ነው፤ ስለ ሰውየዋ የሚነግረን የለም። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ከሚለው ቀጥሎ «ማን ጠየቃት?» የሚል አንድ ዓምድ እንጨምር። ያ ዓምድ ሳይሞላ ቅጣት አይጻፍ። ማንም ካልጠየቃት ጥፋተኛዋ ማኅበሩ እንጂ እሷ አይደለችም።

ሁለተኛ፣ ብድር የዘገየባት አባል በቅድሚያ የሚደርሳት ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ሁለት ሰው ይሁን። ክፍያውን እንደ አቅሟ ከፋፍሎ ማራዘም በደንባችን ተፈቅዷል፤ እስከ ዛሬ ግን ይህን መብት የጠየቀች የለችም፤ ይሉኝታ ነው የከለከላቸው።

ሦስተኛ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አባላት የስልክ ተራ እናውጣ። በሳምንት አንድ ጊዜ «እንዴት ዋልሽ?» ለማለት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተራ የደረሳት አባል እንዳትረሳ ዝርዝሩን ከቡና ተራው ጋር አብረን እንለጥፈዋለን።

አራተኛ፣ ኤአይ የምንጠቀም ሁሉ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። የባንክ የምሥጢር ቁጥርና የሰው ምሥጢር አንጻፍበት፤ የጻፍነው በሌላ አገር ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለ ጤናችንና ስለ ትዳራችን የሚነግረንን ለሚያውቅ ሰው ሳናሳይ አናድርገው። ሦስተኛው ደግሞ፣ አውርተነው ስንጨርስ ራሳችንን እንጠይቅ፤ አሁን ሰው ጋ መሄድ አሰኘኝ ወይስ ጨርሶ አስጠላኝ? ካሰኘን ጠቅሞናል። ካስጠላን ስልኩን አስቀምጠን በር እናንኳኳ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ለልብስ ስፌት መኪናና ለመነሻ ገንዘብ ያደረጋችሁልንን አንረሳም። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ግን «የአባላት መጠየቂያ ትራንስፖርት» የሚል አዲስ መስመር ታያላችሁ። አባሎቻችን በከተማው አራት ማዕዘን ተበትነዋል፤ አንዷን ጠይቆ ለመመለስ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይያዛል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሪፖርት ላይም ፎቶ የሚነሣለት ዓይነት አይደለም። እንዳትሰርዙብን እንለምናለን።

እህታችን ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። አዲስ ስልክ ገዝታለች፤ መተግበሪያውንም መልሳ ጭናዋለች፤ አልከለከልናትም። የብድር ክፍያዋን በሁለት ከፍለን አራዝመንላታል። በሚመጣው ወር የቡና ተራው የእሷ ነው፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ያለብን እኛ ነን፤ ጉልበት የሚያማችሁ ቀደም ብላችሁ ተነሡ።

አንድ ነገር ግን ገና አልተዘጋም። ያ 150 ብር እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ አለ። ያለ ጉባኤው ውሳኔ የመሰረዝ ሥልጣን የለንም። ስለዚህ ንግግራችንን የምንጨርሰው በጥያቄ ነው፤ ቅጣቱ ይሰረዝ የምትሉ እስኪ እጃችሁን አውጡ። እኛ ሁለታችን አውጥተናል።